ሽብር ምንድን ነው? ቃሉ በደሴና በኮምቦልቻ ታሪክ ሲመረመር

1. ስለ ቃሉ

«ሽብር» የሚለው ቃል በአማርኛ አዲስ አይደለም። ተሸበረ፣ አሸበረ የሚሉት አንቀጾች የመታወክን፣ የመደንገጥንና ሥርዓት የማጣትን ነገር ያመለክታሉ። ገበያው ተሸበረ፣ ከብቱ ተሸበረ፣ ሠራዊቱ ተሸበረ ይባላል። ቃሉ የሰው ስም ሆኖም ይገኛል፤ ወላጆች ወንዱን ልጅ አሸብር ወይም ሽብሩ፣ ሴቷን ልጅ ሽብሬ ብለው ሲሰይሙ ኖረዋል። ልጁን አሸብር ያለ አባት ጠላት ፊትህን አይቶ ይደንግጥ ብሎ መመረቁ እንጂ ክፉ ሥራ መመኘቱ አይደለም። በጦር ሜዳ ጠላትን ማሸበር የጀግንነት ምልክት ነበረና።

ይኸው ቃል ከጊዜ በኋላ ሌላ ጠባይ ያዘ። በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ለራሱ ሥራ መጠሪያ አደረገው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ አውጪው ከባድ ወንጀል አድርጎ ደነገገው። በ1930ዎቹ አሸብር ተብሎ የተሰየመ ሕፃን በጎልማሳነቱ ሽብር የመንግሥት መፈክር ሲሆን፣ በሽምግልናው ደግሞ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን ለማየት ይችል ነበር። አንድ ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምርቃት፣ መርሐ ግብርና ወንጀል ከሆነ ትርጓሜው ከተናጋሪው ጋራ ሲዞር ኖሯል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሚከተለው ነው። ሽብርን በአድራጊው ስም መተርጐም አይቻልም፤ መተርጐም የሚቻለው በሥራው ጠባይ ብቻ ነው። የዚህም ሥራ ዋና ጠባዩ የሚመታው ሰው አንድ፣ እንዲፈራ የሚፈለገው ሰው ግን ሌላ መሆኑ ነው። ይህን ለመመርመር ደሴና ኮምቦልቻ የተመቹ ቦታዎች ናቸው። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ መካከል የተቈረቈረች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ከሰሜኑ መንገድ በሚለይበት ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚጓዝ ጦር ሁሉ በነዚህ ከተሞች ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት፣ በመቶ ዓመት ውስጥ የፖለቲካ ኀይል በልዩ ልዩ መልኩ ታይቶባቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

2. ደም መመለስ ሽብር ነውን?

በመጀመሪያ በልማድ የታወቀ አንድ ነገር ከሽብር መለየት አለበት። በወሎ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ሰው ሲገደል የሟች ወገን ደም መመለስ እንደ ግዴታ ሲቈጠርበት ኖሯል። ገዳዩ ሸሽቶ ቢታጣ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ሊገደል ይችላል። ስለዚህ በደም መመለስም ጊዜ ያልበደለ ሰው ይሞታል፤ የሟቹም ወገን በሙሉ በፍርሀት ይኖራል። ከላይ ሲታይ ከሽብር ጋራ አንድ ይመስላል።

ነገር ግን ልዩነቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የደም ፍርሀት ወሰን አለው፤ የሚፈራው የገዳዩ ወገን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ በሰላም ወደ ገበያ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የሚገደለው ሰው ዕዳ እንደሚከፍል ሆኖ ይቈጠራል እንጂ ለሌላ ለማይታወቅ ሕዝብ መልእክት ተደርጎ አይመረጥም። ሦስተኛ፣ የደም ነገር መውጫ በር አለው። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፣ እንዲሁም የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይለዩ ሁለቱን ወገን አቀራርበው ጉማ ወይም የደም ካሳ አስከፍለው ነገሩን ይዘጋሉ። ከዕርቁ በኋላ ፍርሀቱ ያበቃል።

ሽብር በሦስቱም በኩል የዚህ ተቃራኒ ነው። ወሰን የለውም፤ ቀጥሎ የሚመታው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና። የሚመታው ሰው ምንም ዕዳ የለበትም። ሽማግሌ የሚላክበት ደጅም የለውም፤ አድራጊው የሚፈልገው ከሟቹ ወገን ጋራ መካካስ ሳይሆን በሌላ ቦታ ያለ መንግሥት ወይም ሕዝብ እንዲንበረከክ ነውና። ይህ ልዩነት የፍርሀትን መጠን ሳይሆን የፍርሀትን አሠራር ይመለከታል።

3. መያዣዎቹና አዋጁ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡበት ከ1847 ጀምሮ ወሎን ለማስገበር ደጋግመው ዘመቱ። የወሎ ባላባቶች ሲገብሩና ሲሸፍቱ ነገሩ ሳያልቅ ብዙ ዓመት አለፈ። ንጉሡም ምርኮኞችን እጅና እግር እስከ ማስቈረጥ ደረሱ። ታላላቅ ባላባቶችንና የባላባት ልጆችን በመያዣነት በመቅደላ አምባ ላይ አስቀመጡ። በሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት በገቡ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው አምባ ላይ ታስሮ የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ አመዴንና ከርሱ ጋራ የነበሩትን የወሎ መያዣዎች አስገደሉ።

በዚህ ታሪክ የሽብር ጠባይ ጎልቶ ይታያል። አመዴ ምኒልክን አላስመለጠም፤ ታስሮ ነበርና። የተገደለው ባደረገው ሳይሆን በማንነቱ ነው። ሞቱ የተጻፈው ለእናቱና ከርሷ ጋራ ላሉት ባላባቶች ነበር። ይህን ያደረገው ሽፍታ ሳይሆን የተቀባ ንጉሥ መሆኑ የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም። ፍሬውም ምን እንደ ሆነ ታሪክ ይመሰክራል፤ ወሎ በመፍራት ፈንታ ቂም ያዘ፤ በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ የወሎ ባላባቶች የንጉሡን መሸሻ መንገድ ዘጉ።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ። በግንቦት 1870 ዐፄ ዮሐንስ ከዛሬዋ ደሴ በስተ ሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖትን ክርክር ከቈረጡ በኋላ፣ የወሎ እስላሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉም፤ ሕዝቡንም ለተቃውሞ አስነሡ።

የቦሩ ሜዳ ትእዛዝ በኅሊና ላይ የተጣለ ከባድ ግዳጅ ነበር። ሆኖም ግዳጅ ሁሉ ሽብር አይደለም። አዋጅ የሚጠይቀውን ይናገራል፤ እንቢ ያለም ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ቅጣቱ የሚወርደው ራሱ እንቢ ባለው ላይ ነው። ሽብር የሚጀምረው አዋጁን ለማስፈጸም የዘመተ ጦር እንቢ ያለውን ትቶ ያገኘውን መንደር ሲያቃጥል፣ ይህንም የሚያደርገው ሩቅ ያለው መንደር እንዲሰማ ሲሆን ነው። ይህ ወሰን ካልተጠበቀ ቃሉ ለክፉ ነገር ሁሉ መጠሪያ ይሆንና ምንም የማይለይ ይሆናል።

4. ኅዳር 26 ቀን 1928

የኢጣልያ ወረራ በጀመረበት ዓመት በኅዳር ወር ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦሩን ጠቅላይ ሰፈር ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን ጧት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በከተማዋ ላይ ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ። የሣር ክዳን የነበራቸው ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙም ቈሰለ። የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በከተማዋ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ያዩትን በፊርማቸው አረጋግጠው ወደ ጄኔቭ አስታወቁ፤ የኢትዮጵያም መንግሥት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አለ።

ኢጣልያ ደሴ የጦር ሰፈር ናት የሚል መከራከሪያ ነበራት። ይህ መከራከሪያ ሊመረመር የሚገባው ነው። ንጉሠ ነገሥቱና ጦራቸው በእርግጥ በዚያ ነበሩ፤ በጦርነት ጊዜ የጦር ሰፈርን መምታት፣ ምንም ያህል ቢያስፈራ፣ ሽብር አይባልም። ጦርነት ሁሉ ያስፈራልና ፍርሀት ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ቦምቡ ለማን ተመረጠ የሚለው ነው። ተቀጣጣይ ቦምብ በሣር ቤት መካከልና ቀይ መስቀል በተቀባ ጣራ ላይ ሲወድቅ፣ የጦሩ ሰፈር መልስ አይሆንም። ኢጣልያዊው ጄኔራል ጁልዮ ዱዌ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወደፊቱ ጦርነት የሚወሰነው የጠላትን ከተሞች ከአየር በመምታትና የሕዝቡን ልብ በመስበር ነው ሲል አስተምሮ ነበር። እንግዲህ ሰላማዊ ሕዝብን በማስደንገጥ መንግሥትን ማንበርከክ የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚማሩት የጦር ትምህርት ሆኖ ነበር። ከጥቂት ቀኖች በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በአውሮፕላን ሲመታ የደሴው ነገር ያልታሰበ ስሕተት ነበር ማለት ይበልጥ አስቸጋሪ ሆነ።

ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 በኢጣልያ ጦር ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ቃላቱ ተገለባበጡ። ከተማ ያቃጠለው መንግሥት ሕግ አስከባሪ ተባለ፤ በየዱሩ የሚዋጋው ኢትዮጵያዊ ደግሞ በጠላት መግለጫ «ሽፍታ» ተባለ፤ በወገኑ ዘንድ ግን አርበኛ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ቦምቡ የታለመው ወራሪውን ጦር በሚመራው ሰው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የተካሄደው እልቂት ግን ቦምቡን ማን እንደ ወረወረ አልጠየቀም፤ በመንገድ የተገኘ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተገደለ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የመጀመሪያው ሥራ የተመረጠ ጠላትን ለመግደል የተደረገ ነው፤ ሁለተኛው በማንም ላይ በመውረዱ ሁሉንም ለማስፈራራት የተደረገ ነው። ወራሪው ግን ወንጀል ብሎ የሰየመው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

5. የጄኔቭ ትርጓሜ

ቃሉ በአውሮፓ የተወለደው ከመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 እና በ1794 የፈረንሳይ አብዮት መሪዎች ሽብርን የመንግሥት ሥራ መሣሪያ አድርገው በግልጽ ተቀበሉት፤ ሽብርተኛ የሚለው ስያሜም በመጀመሪያ የተሰጠው ለነዚሁ ሹማምንት ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት በሩስያና በሌሎች አገሮች ነገሥታትንና ሹማምንትን በቦምብ የሚገድሉ ማኅበሮች ሲነሡ ቃሉ ከመንግሥት ወደ ተቃዋሚ ዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1934 የዩጎዝላቪያ ንጉሥ አሌክሳንደርና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባርቱ በማርሴይ በተገደሉ ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ስለ ሽብር ስምምነት ማርቀቅ ጀመረ። ስምምነቱ ኅዳር 7 ቀን 1930፣ ማለት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1937፣ ለፊርማ ቀረበ። በትርጓሜው መሠረት የሽብር ሥራ ማለት በአንድ መንግሥት ላይ የሚፈጸምና በሰዎች ኅሊና ውስጥ ፍርሀት እንዲያድር የታሰበ ወንጀል ነው። ስምምነቱን ያጸደቀችው ሕንድ ብቻ ስለ ነበረች በሥራ ላይ አልዋለም። ትርጓሜው ግን በኋላ ለመጡት ሕጎች ሁሉ መንገድ አሳየ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ትርጓሜ የተጻፈው ደሴ ከተቃጠለች ሁለት ዓመት፣ የየካቲት እልቂት ከተፈጸመ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ነው። የጻፈውም ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ቆመው አቤት ያሉበት ማኅበር ነው። ትርጓሜው «በመንግሥት ላይ የሚፈጸም» ስለሚል መንግሥት በሕዝብ ላይ የሚፈጽመውን አስቀድሞ ከበሩ ውጭ አስቀርቶታል። በማርሴይ የተገደሉት ሁለት ታላላቅ ሰዎች ትርጓሜ አገኙ፤ የደሴ ቁስለኞች አላገኙም።

መንግሥት ሲያደርገው የጦር ወንጀል የሚባል ሌላ ስም አለው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለዳኛ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ስም ሲሰጠው፣ አንዱ ስም ቀላል፣ ሌላው ከባድ ሆኖ ይቀራልና።

6. ከወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት እስከ ቀይ ሽብር

የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በወይዘሮ ስሂን ስም የተሰየመው የደሴ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ የተማሪዎች ንቅናቄ መሪዎችን አፍርቷል። ከነርሱ አንዱ ዋለልኝ መኰንን ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዋለልኝና ማርታ መብራቱ ከጓደኞቻቸው ጋራ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ በአውሮፕላኑ ውስጥ በነበሩ ጠባቂዎች ተተኩሶባቸው፣ ሁለቱና ከጓደኞቻቸው የሚበዙት ሞቱ፤ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን መጥለፍ በብዙ አገር የሚሠራበት የትግል ስልት ነበረ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሟቾቹ ሰማዕታት ናቸው። የዓላማቸው ጽድቅ ግን አንድ ጥያቄ አይመልስም፤ ይኸውም ተሳፋሪዎቹ በዚያ ክርክር ውስጥ ምን ነበሩ የሚለው ነው። ለሌሎች መልእክት ማስተላለፊያ የተደረገ ተሳፋሪ፣ ጠላፊው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ያለ ፈቃዱ መያዣ ሆኗል። ቅንነትን ማድነቅና ሥራውን በስሙ መጥራት የማይጣጣሙ ነገሮች አይደሉም።

በ1969 የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ ታጣቂዎች የደርግ ደጋፊዎችንና የቀበሌ ሹማምንትን በከተማ ውስጥ መግደል ጀመሩ። ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» አለው፤ መልሱንም «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአዲስ አበባ አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባብረው ዐዋጁን አሰሙ። ስሙ ከሩስያ አብዮት የተወሰደ ነበር።

ቀይ ሽብር ከአዲስ አበባ ወደ ክፍላተ ሀገር ሲዛመት ደሴና ኮምቦልቻ አልቀሩለትም። የተማሪ ከተማ የነበረችው ደሴ ወጣቶቿን አጣች። አሠራሩ በየከተማው ተመሳሳይ ነበር፤ የቀበሌ አሰሳ፣ ያለ ፍርድ መረሸን፣ ሬሳን በመንገድ ዳር ጥሎ በላዩ ጽሑፍ መለጠፍ፣ እናት ልጅዋን እንዳታለቅስ መከልከል። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ስለ ሽብር ጠባይ ብዙ ያስረዳል። በወሎ፣ በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ፣ ሞት ያለ ለቅሶ፣ ያለ ቀብርና ያለ ጎረቤት አይሆንም። እርም ማውጣት የተከለከለበት ቤት ሐዘኑ አይዘጋም፤ ጎረቤቱም ለመድረስ ይፈራል። ሬሳው በአደባባይ ታይቶ ሐዘኑ እንዲደበቅ የተደረገው ሟቹን ለመቅጣት አይደለም፤ ሟቹ ከእንግዲህ አይፈራምና። የታሰበው አልፎ የሚሄደው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ መንግሥት ሽብር የሚለውን ቃል በሌላ ላይ ከመለጠፍ አልፎ የራሱ ሥራ መጠሪያ አድርጎታልና፣ መንግሥት አሸባሪ ሊሆን አይችልም የሚለው ክርክር በኢትዮጵያ ምድር በራሱ በመንግሥት ቃል ፈርሷል።

ሁለቱ ሽብሮች በመጠን እኩል አልነበሩም። መንግሥት እስር ቤት፣ ቀበሌ፣ ጦርና ሬዲዮ አለው፤ በስውር የሚንቀሳቀስ ድርጅት ሽጉጥ አለው። ዳሩ ግን ለተገደለው የቀበሌ ጸሐፊ ቤተ ሰብ የመጠኑ ልዩነት መጽናኛ አይሆንም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999፣ ፍርድ ቤት መንግሥቱንና ሹማምንቱን በዘር ማጥፋት ጥፋተኞች ናቸው አለ። ይህ የተቻለው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚያው አንቀጽ ውስጥ ስላስገባ ነበር። አድራጊዎቹ ራሳቸው ሽብር ብለው የጠሩት ሥራ በሽብር ስም አልተፈረደበትም።

7. አዋጆችና መዝገቦች

ደርግ የሚዋጉትን ድርጅቶች ሁሉ «ወንበዴ» ይላቸው ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 በትግራይ በሐውዜን የገበያ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት አውሮፕላኖቹ ቦምብ ሲጥሉ፣ የደሴው ኅዳር 26 በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ተደገመ። በግንቦት 1983 «ወንበዴ» የተባሉት በደሴ በኩል አልፈው አዲስ አበባ ገቡና መንግሥት ሆኑ።

አዲሱ መንግሥት በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001ን አወጣ። አዋጁ ግድያንና እገታን ብቻ ሳይሆን በንብረት ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳትንና የሕዝብ አገልግሎት መስተጓጐልን፣ እንዲሁም ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊገመት የሚችል ጽሑፍን ጭምር ስላካተተ፣ ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች በዚሁ ተከሰው ታሰሩ። በ2003 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኦሮሞ ነጻነት ግንባርን፣ የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻነት ግንባርንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋራ በአሸባሪነት መዘገበ። በሰኔ 2005 የታወቁት የሃይማኖት አባት ሼኽ ኑሩ ይማም ደሴ ውስጥ ተተኩሶባቸው ተገደሉ። አንድን ሼኽ ከመስጊድ ሲወጡ መግደል ሌሎችን ለማስፈራራት የታሰበ ከሆነ የሽብርን ትርጓሜ በሚገባ ያሟላል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ይኸው ቃል በሰላም ድምፃቸውን ባሰሙ እስላሞች ላይም ይነገር ስለ ነበረ፣ ቃሉ የሚጠቅመው ለመለየት መሆኑ ቀርቶ ለማደባለቅ ሆነ። እውነተኛ ሽብር ሲፈጸም ሕዝቡ የመንግሥትን ቃል እንዳያምን ያደረገው ይህ መደባለቅ ነው።

በሰኔ 2010 ሦስቱ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ከመዝገቡ ተፋቁ። በ2012 አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የቀድሞውን ተካ፤ ሰላማዊ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ አገልግሎት ቢያስተጓጕሉ እንኳ ሽብር እንደማይባሉም ደነገገ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ምክር ቤቱ ሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይንና መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ቡድን መዘገበ። በ2003 መዝጋቢ የነበረው ድርጅት በ2013 ተመዝጋቢ ሆነ።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኀይሎች ተያዙ፤ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱንም መልሶ መያዙን አስታወቀ። ደሴ በኅዳር 1928 በእሳት ያየችውን በኅዳር 2014 በሌላ መልክ አየች። ኮምቦልቻ በተያዘች ሰሞን መንግሥት ከመቶ በላይ ወጣቶች በዚያ ተገድለዋል አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በትግራይ ኀይሎች ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን፣ ሴቶች መደፈራቸውንና የሕክምና ተቋማት መዘረፋቸውን አረጋገጠ። በኅዳር መጨረሻም የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻ መጋዘኖቹ ስለ ተዘረፉበት በሁለቱ ከተሞች እህል ማከፋፈሉን አቆመ።

በነዚህ ላይ ትርጓሜውን ማዋል ይቻላል። በጦርነት ላይ ያለን ተዋጊ መግደል ሽብር አይደለም። መጋዘን መዝረፍ ዝርፊያ ነው፤ የጦር ወንጀልም ሊሆን ይችላል፤ ሽብር የሚሆነው ግን ሕዝቡን በረኀብ ለማስፈራራት ሲታሰብ ብቻ ነው። መሣሪያ ያልያዘን ወጣት ሌላው እንዳይነሣ ብሎ መግደል፣ ሴትን በቤተ ሰቧ ፊት በመድፈር መንደርን ማዋረድ ግን ሽብር ነው። በሌላም በኩል ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ የትግራይ ተወላጆች ባደረጉት ሳይሆን በትውልዳቸው ተጠርጥረው ታሰሩ። በድርጅት ላይ የተለጠፈ ስም ወደ ዘር ሲንሸራተት፣ ስሙ ራሱ ማስፈራሪያ ይሆናል።

8. መደምደሚያ

ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በዚሁም መሠረት መጋቢት 13 ቀን 2015 ሕወሓት ከአሸባሪነት መዝገብ ተፋቀ። ሰላም እንዲመጣ ስም መፋቅ ካስፈለገ መፋቁ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በኮምቦልቻ የሞተው ወጣት አሟሟት በሚያዝያ 2013 በተደረገ ምዝገባ አልተጀመረም፤ በመጋቢት 2015 በተደረገ ፍቀትም አላበቃም። ሽብር የአድራጊው ስም ብቻ ከሆነ፣ ስሙ ሲፋቅ ሥራውም አብሮ ይፋቃል፤ የሟቹም ቤተ ሰብ የሚከስበት ቃል ያጣል። ሽብር የሥራ ስም ከሆነ ግን፣ ድርጅቱ ታረቀም አልታረቀ፣ ሥራው ይጠየቃል፤ አድራጊው የመንግሥት ወታደርም ቢሆን እንዲሁ።

ከላይ ከተመረመሩት ታሪኮች የሚከተለው ትርጓሜ ይገኛል። ሽብር ማለት ለፖለቲካ ግብ ሲባል፣ ተዋጊ ባልሆነና በራሱ ሥራ ባልተጠየቀ ሰው ላይ፣ ሌሎች እንዲፈሩና እንዲገዙ በማሰብ የሚፈጸም ወይም በዛቻ የሚሰነዘር የኀይል ሥራ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አድራጊው ንጉሥ፣ ወራሪ፣ አብዮተኛ ወይም ሽፍታ መሆኑ አልተጠቀሰም፤ የዓላማው ጽድቅም አልተጠቀሰም። ሁለቱም በሌላ ቦታ የሚመዘኑ ናቸውና።

በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ፖሊሲው በሥራ ላይ ሲውል ምስክሮችን የሚሰማ ሰው ከማንኛውም በፊት የሚያስፈልገው ይህ መለያ ነው። ምስክሩን «አሸባሪው ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ በየዘመኑ ካለው ኀይል ጋራ የሚለዋወጥ መልስ ያገኛል። «ማን ተመታ? ምን አድርጎ ነበር? እነማን እንዲፈሩ ነበር የተፈለገው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የመቅደላው መያዣ፣ የደሴው ቁስለኛ፣ እርም ያላወጣችው እናትና የኮምቦልቻው ወጣት በአንድ መዝገብ ላይ ይገናኛሉ።